ነፋስ ከጎን ሲመታ፦ ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች አነሳስ

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ከጎን እየመታ ትንሽ አውሮፕላን ሲነሳ ስለሚደርስ አደጋ። ርዕሱን ሲሰሙ "ስለ ትልልቆቹ ጄቶች ለምን አታወራልንም?" ያሉኝ ልጆች አሉ። ምክንያት አለኝ። ከመካከላችሁ አብራሪ የሚሆን ካለ፣ መጀመሪያ የሚይዘው አውሮፕላን ትንሽ ነው። ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መቀመጫ፣ አንድ ሞተር ያለው። ሌላም ምክንያት አለኝ። እናንተ ነፋስን ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ላይ ከመኪና ወርዶ የቆመ፣ ጓሳ አካባቢ ከብት የጠበቀ ልጅ፣ ነፋስ ጉልበት አለው ሲሉት "ማስረጃ አምጣ" አይልም።

የምለውን ከመጀመሪያው ልናገር። በእኔ እምነት የጎን ነፋስ አደጋ የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከመንገዱ ሲወጣ አይደለም። የሚጀምረው ጎማው ሳይንቀሳቀስ፣ አብራሪው ሜዳ ዳር የተሰቀለውን የነፋስ ማሳያ ከረጢት አይቶ "ምንም አይል፣ ይቻላል" ሲል ነው። አሰልጣኝ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩት ይህን ነው። ዛሬም የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

አብራሪዎች የጎን ነፋስ ሲባል ቶሎ የሚታሰባቸው ማረፍ ነው። ልምምዱም ጭንቀቱም እዚያ ላይ ያመዝናል። መነሳት ቀላል ይመስላል። ጋዝ ትሰጣለህ፣ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፣ ትነሳለህ። አንድ ነገር ግን ይረሳል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ ፍጥነት ይዞ ነው የሚመጣው። መሪዎቹ በደንብ ይታዘዛሉ። ነገሩ ካላማረው ጋዝ ሰጥቶ ይነሳና ዞሮ ይሞክራል፤ ነዳጅ ካለው ሌላ ሜዳ ይሄዳል። ሲነሳ ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የአውሮፕላን መሪዎች የሚሠሩት አየር ሲያልፍባቸው ነው። በዝግታ ላይ ደካማ ናቸው። ነፋሱ ግን ደካማ አይደለም። አውሮፕላኑ ገና ቆሞ ሳለ ነፋሱ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። አይዟችሁ፣ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

የነፋስ ፍጥነት በአቪዬሽን የሚለካው በኖት ነው። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ 20 ኖት ነው እንበል። በማኮብኮቢያው አቅጣጫ ከፊት ከመጣ ወዳጅ ነው፤ አውሮፕላኑን ቶሎ ያነሳዋል። በትክክል ከጎን፣ በ90 ዲግሪ ከመጣ 20ውም ኖት የጎን ነፋስ ነው። በ30 ዲግሪ ሰያፍ ከመጣ ግማሹ፣ 10 ኖት ብቻ ነው ከጎን የሚገፋው። በ45 ዲግሪ 14 ኖት ይሆናል። በ60 ዲግሪ 17። ይህ ሳይን የምትሉት ነው። ክፍል ውስጥ "ይሄ ምን ይጠቅመናል?" ብሎ መምህሩን የሚያስቸግር ልጅ ካለ መልሱ ይኸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 60 ዲግሪ የ90 ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። የጎን ነፋሱ ግን ከሞላ ጎደል ሞልቷል፤ ከ20ው 17ቱ ከጎን ነው። "ትንሽ ሰያፍ ነው" ብሎ መጽናናት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በዓለም ላይ ብዙ አብራሪ የሰለጠነበት ሴስና 172 የሚባለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን አለ። ሙሉ ጭነቱን ይዞ 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ስለ ጎን ነፋስ 15 ኖት የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? አውሮፕላኑ ለፈቃድ ሲፈተን፣ የሙከራ አብራሪዎች እስከዚህ ድረስ ተቆጣጥረው ያሳዩት ነው። በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ አይደለም። በዚህ ምክንያት "ከ15 በላይም ይቻላል" የሚሉ ሞልተዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላ ነው። 15ቱን ያሳየው ሰው ሙያው ይህ የሆነ፣ በየቀኑ የሚፈትን አብራሪ ነው። አንተ ለመጨረሻ ጊዜ በ10 ኖት የጎን ነፋስ የተነሳኸው መቼ ነው? መልሱ "ካቻምና" ከሆነ ያንተ ቁጥር 15 አይደለም።

ሜዳ ዳር እንጨት ወይም ብረት ላይ የተሰቀለ፣ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ ረጅም የጨርቅ ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። ዊንድሶክ ይባላል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደበረታ የሚያሳየው እሱ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ዓይነት ነፋሱ 15 ኖት ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ አግድም ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ነፋሱ 20 ይሁን 35 ጨርቁ አይለይም። ያው ተወጥሮ ነው የምታየው። ስለዚህ ከረጢቱ ግትር ብሎ ካያችሁት "15 ነው" አትበሉ። "ቢያንስ 15 ነው" በሉ። ደግሞ ቆም ብላችሁ እዩት። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ የሚል ከሆነ ያ ነፋስ ምት ያለው ነው። እኛ ጋስት እንለዋለን። የሚፈራውም እሱ ነው። የማይለዋወጥ 15 ኖት በእግርና በእጅ ይያዛል። 8 ሆኖ ድንገት 22 የሚሆን ግን አብራሪው ሲለምደው ይለወጣል። የነፋስ ግፊት ደግሞ እንደ ፍጥነቱ አይደለም የሚጨምረው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው።

አሁን አብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከግራ ነው። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆማችኋል።

ጭራው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ክንፍ አለ። ነፋሱ እሱን ወደ ቀኝ ሲገፋው አፍንጫው ወደ ግራ፣ ወደ ነፋሱ መዞር ይፈልጋል። ይህ አንዱ ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ደግሞ ፕሮፔለራቸው ከአብራሪው ወንበር ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚሽከረከረው። በዚህ ምክንያት ሙሉ ጋዝ ሲሰጣቸው ነፋስ ባይኖርም ወደ ግራ ይስባሉ። ነፋሱ ከግራ ሲመጣ ሁለቱ ይደመራሉ። ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ። ከግራ የመጣ 12 ኖትና ከቀኝ የመጣ 12 ኖት ለአብራሪው እግር እኩል አይደሉም።

ጋዙን ከመስጠታችሁ በፊት መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ታዞራላችሁ። ክንፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ኤይለሮኖች የሚባሉት፣ የግራውን ክንፍ ወደ መሬት ይጫኑታል። ይህ ካልሆነ ነፋሱ በግራ ክንፍ ስር ገብቶ ያነሳዋል። ቀኝ እግራችሁ ራደሩን፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ መሪ፣ ይረግጣል። ጋዝ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። አውሮፕላኑ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ብዙ መሪ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አየሩ ገና ቀርፋፋ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ኤይለሮኑ ይበረታል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ትመልሱታላችሁ። ትመልሱታላችሁ እንጂ አትለቁትም። ዓይናችሁ የመንገዱ ማዶ ጫፍ ላይ ነው። እግራችሁ አያርፍም። ትንሽ ረገጥ፣ ትንሽ ላላ፣ እንደገና ረገጥ።

አንዳንድ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ልክ እንደተባለው ይሠራል። ከዚያ ፍጥነት መለኪያውን ማየት ሲጀምር እጁ ሳያውቀው መሪውን ወደ መሀል ይመልሰዋል። የግራው ክንፍ ብድግ ይላል። አውሮፕላኑ በቀኝ ጎማው ብቻ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ከወንበሩ ላይ የሚሰማው ስሜት አሳሳች ነው፤ ልትነሳ የደረስክ ይመስልሃል። የባሰው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ደንግጦ ወደ ኋላ ይስብና ቶሎ ይነሳል። ምት ነበርና ያነሳው፣ ምቱ ሲያልፍ አውሮፕላኑ ተመልሶ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ወደ ቀኝ ወስዶታል። ጎማዎቹ መሬቱን የሚነኩት ወደፊት እየሄዱ ሳይሆን ወደ ጎን እየተንሸራተቱ ነው። የትንሽ አውሮፕላን እግር ከላይ ወደ ታች የሚመጣን ጭነት በደንብ ይችላል። ከጎን የሚመጣውን ግን ያን ያህል አይችልም። ይታጠፋል። ክንፉ መሬት ይመታል።

ስለዚህ በጎን ነፋስ ቀን ትክክለኛው አነሳስ ጎማዎቹን መሬት ላይ ትንሽ ማቆየት ነው። ከተለመደው ፍጥነት ጥቂት እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ሳታመነቱ፣ ቁርጥ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ። በደንብ ከተሠራ መጀመሪያ የቀኙ ጎማ ይለቃል፣ ከዚያ የግራው። አየር ላይ ከሆናችሁ በኋላ አፍንጫው ወደ ነፋሱ እንዲዞር ትተዉታላችሁ፣ ክንፎቹን ታስተካክላላችሁ። ከታች የሚያይ ሰው አውሮፕላኑ ዞሮ በጎኑ የሚሄድ ይመስለዋል። መንገዱን ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚከተለው።

ይህ ሁሉ ባሕር ጠለል ላይ 20 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው።

ስለ ሕንፃም አንድ ነገር ልበል። ሜዳ ዳር ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማቆያ ቤት ማለት ነው፣ ወይም የዛፍ ረድፍ ካለ ነፋሱን ይከልለዋል። አውሮፕላኑ በዚያ ጥላ ውስጥ ሲሄድ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። የሕንፃው ጫፍ ሲያልቅ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። አብራሪው ጥላው ውስጥ መሪውን አላልቶ ከሆነ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። አዲስ ሜዳ ስትሄዱ መጀመሪያ በእግራችሁ ዳሩን ዞራችሁ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

የሸዋ ሮቢትና የይፋት ሰዎች ለአንበጣና ለግሪሳ ወፍ መድኃኒት የሚረጩትን ትንንሽ አውሮፕላኖች ታውቃላችሁ። ከእነዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ሦስተኛ ጎማቸው ከፊት ሳይሆን ከጭራ በታች ነው። ለሸካራ ሜዳ ይመቻሉ፤ ለጎን ነፋስ ግን አይመቹም። ክብደታቸው ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚያርፍ፣ አፍንጫው አንዴ መዞር ከጀመረ ክብደቱ መዞሩን ያባብሰዋል። አብራሪው ፈጥኖ ካልያዘው አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንዳለ ክብ ይዞራል። አንድ ባልደረባዬ ይህ ደርሶበታል። ጎበዝ አብራሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ነፋሱ በርትቷል፣ እሱም አይቶታል። ግን ሥራው ዛሬ ካላለቀ የሚል ጫና ከላይ ነበረበት፤ ሰዎችም ቆመው ይጠብቁ ነበር። ተንደረደረ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አውሮፕላኑ ዞረ። አንዱ እግር ተሰበረ፣ ክንፉ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ አንድም ጭረት ሳይነካው ወጣ። ተመስገን። ሥራው ግን በዚያ ቀን አላለቀም፤ በማግስቱም አላለቀም።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። እስካሁን ያልኩት የትም ቦታ ይሠራል። ደጋው ግን የራሱን ይጨምራል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቦሌ ራሱ ከፍተኛ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ 2,334 ሜትር ነው። ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ለአውሮፕላኑ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ እንደሆነ ያህል ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ያንሳል፣ ጉልበቱ በሲሶ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩና ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ባሕር ጠለል ላይ በ55 ኖት የሚነሳው ሴስና እዚህም መለኪያው ላይ 55 ነው የሚያነበው፤ በመሬት ላይ ግን 66 ኖት ገደማ መሮጥ አለበት። በሰዓት 122 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንደርደሪያው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

የሳሳ አየር የነፋሱንም ጉልበት አይቀንስም ወይ የሚል ልጅ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ይቀንሳል። ግን የመሪዎቹንም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትርፉ ዜሮ ነው። ኪሳራው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አውሮፕላኑ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ከነፋሱ ጋር የሚታገልበት ጊዜ ይረዝማል። 20 ሰከንድ የነበረው ወደ 40 ይጠጋል። ምት ያለው ነፋስ ሲሆን ደግሞ በ40 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ በላይ ምት ታገኛላችሁ። ለማቆም ከፈለጋችሁም ከባድ ነው። ፍጥነቱ በአምስተኛ እጅ ስለጨመረ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምራል።

ከተነሱ በኋላም አያበቃም። ያ አውሮፕላን በባሕር ጠለል በደቂቃ 220 ሜትር ገደማ ይወጣል። በሞቀ ቀን፣ በዚህ ከፍታ፣ 60 ሜትር ቢያወጣ ነው። መነሳት እንጂ መውጣት አይባልም። አሁን ካርታውን በአእምሯችሁ ሳሉት። ከመንዝ በጣርማ በር በኩል እስከ አንኮበር ድረስ ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ነፋስ እንዲህ ያለ ገደል ሲያጋጥመው በሚመጣበት በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ በማዶው ቁልቁል ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ይሽከረከራል። ቁልቁል የሚወርደው አየር በደቂቃ 100 እና 150 ሜትር መውረድ ብርቅ አይደለም። በ60 የሚወጣ አውሮፕላን በ150 በሚወርድ አየር ውስጥ ሲገባ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ይወርዳል። ያኔ አብራሪው አፍንጫውን ይበልጥ ይስባል። ፍጥነቱ ያልቃል። ክንፉ አየሩን መያዝ ያቆማል። ስቶል ይባላል።

ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። አውድማ ላይ ገብስ ወይም ስንዴ የሚያናፍስ ገበሬ በጠዋት መንሽ አያነሳም። ነፋሱ ገና ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ሲመሽ ይወድቃል። ገበሬው ነፋስ ሲመጣ ይጀምራል፤ አብራሪው ደግሞ ነፋስ ሳይመጣ መጨረስ አለበት። ታዛቢነቱ ግን አንድ ነው። በበጋ ደጋ ላይ የትንሽ አውሮፕላን ሰዓት ጠዋት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ጠዋቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ውርጭ። ክንፍ ላይ ያለ ስስ ውርጭ የአየሩን ፍሰት ያበላሻል፣ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ማንሳት ግዴታ ነው። "ሲንደረደር ይረግፋል" የሚል አብራሪ ካጋጠማችሁ አትሳፈሩ።

ሁለት አደጋዎችን ልንገራችሁ። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የደረሱ ናቸው። ሁለቱም በመንግሥት መርማሪዎች ተጠንተዋል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1996፣ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ሸየን ከተማ። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ አሜሪካን ከዳር ዳር በአውሮፕላን ለማቋረጥ ተነስታለች። አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተር ሴስና 177 ነው። አባቷና አሰልጣኟ አብረዋት አሉ። ጋዜጠኞች በየከተማው ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ የተጣበበ ነው። በዚያ ጠዋት ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ወደ ሜዳው እየቀረበ ነበር። ነፋሱ ምት ያለው ኃይለኛ ነፋስ ነበር። አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት በላይ ተጭኗል። ትርፉ ግን ብዙ አልነበረም፤ 44 ኪሎ ገደማ። የሸየን ሜዳ ደግሞ 1,876 ሜትር ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ከለመደው ከፍታ በላይ። ተነሱ። ወዲያው ወደ ቀኝ መዞር ጀመሩ። ፍጥነት አልነበራቸውም። አውሮፕላኑ ስቶል አድርጎ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀ። ሦስቱም ሞቱ።

ይህን አደጋ ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይደማል። ልጅ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። 44 ኪሎ አንድ ልጅ ነው። ከፍታው ከዚህች ከተማ በ900 ሜትር ያንሳል። ነፋሱን ብቻውን ቢያገኙት ይችሉት ይሆናል። አንድ ላይ ሲመጡ ግን አልቻሏቸውም። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አሰልጣኙ በዚያ አየር ለመነሳት መወሰኑ ነው አሉ። የተለጠጠው ፕሮግራምና ለጋዜጠኞች የተሰጠው ቀጠሮ አስተዋጽኦ ማድረጉንም ጻፉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ፈቃድ የሌለው ልጅ ለክብረ ወሰን ብሎ አውሮፕላን እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ቢዘንብ፣ ጫና ቢኖር፣ ሰው ቢጠብቅ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ መነሳት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ትንሽ አውሮፕላን አይደለም። ግን ነገሩን ስለሚያጎላው አመጣሁት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2008፣ ዴንቨር። የኮንቲኔንታል አየር መንገድ ቦይንግ 737 115 ሰዎችን ይዞ ሊነሳ ነው። ዴንቨርም ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ በስተምዕራብ ትልልቅ ተራሮች አሉ። ነፋሱ በእነዚያ ተራሮች ላይ እየፈሰሰ ይመጣል። ለአብራሪዎቹ የተነገራቸው ነፋስ 27 ኖት ነበር፤ ከግራ፣ ከጎን። አየር መንገዱ ከሚፈቅደው በታች ስለሆነ ተንደረደሩ። ሜዳው ላይ ግን ብዙ የነፋስ መለኪያዎች ነበሩ። ከሌሎቹ መለኪያዎች መካከል ከ27 በላይ የሚያነብቡ ነበሩ። አውሮፕላኑ እየሮጠ ሳለ 45 ኖት የሚደርስ ምት መታው። ካፒቴኑ በቀኝ ራደር እየተከላከለ ነበር። ከዚያ ረገጣውን አቆመ። ከአራት ሰከንድ ገደማ በኋላ አውሮፕላኑ በግራ በኩል ከማኮብኮቢያው ወጣ፣ ሜዳውን አቋርጦ ቆመ፣ እሳት ተነሳበት። ሰው አልሞተም። ካፒቴኑና 5 መንገደኞች ክፉኛ ቆሰሉ።

ይህ ሰው ልምድ ያለው ካፒቴን ነው። መርማሪዎቹ ነፋሱ ከሰለጠነበትም ካየውም በላይ ነበር ብለዋል። መሬት ላይ በረራን የሚያስመስሉት የልምምድ ማሽኖች፣ ሲሙሌተሮቹ፣ ምት ያለውን ነፋስ እንደ እውነቱ አያሳዩም ነበር። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውም ያለውን የነፋስ መረጃ ሁሉ ለአብራሪው እንዲያደርስ የሚያስገድደው ሥርዓት አልነበረም። እኔ ከዚህ አደጋ ለትንሽ አውሮፕላን አብራሪ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የተነገራችሁ ነፋስ የአንድ ቦታ፣ የአንድ ደቂቃ ነፋስ ነው። ከረጢቱን እዩ፣ ሣሩን እዩ፣ የጎረቤት ቤት ጭስ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። አንድ መለኪያ ብቻ ካላችሁ አንድ ምስክር ብቻ ነው ያላችሁ።

ማቋረጥስ? ተንደርድሮ መተው ሽንፈት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። እኔ ጋዝ ከመሰጠቱ በፊት ተማሪውን ጮክ ብሎ እንዲናገር አደርገው ነበር። "ከዚያ ምልክት በፊት ይህን ፍጥነት ካልያዝኩ እተዋለሁ። ከመሀል መስመር ወጥቼ እግሬ ካልመለሰኝ እተዋለሁ።" ምልክቱን በጣቱ ያሳየኛል፤ ድንጋይ ይሁን፣ የመብራት ምሰሶ። ጭንቅላት በሰላም ጊዜ የወሰነውን እግር በጭንቅ ጊዜ ይፈጽመዋል። ያልተወሰነውን ግን ማንም አይወስንለትም፤ ጊዜ የለም።

በመጨረሻ አንድ ተማሪ ከመግባታችን በፊት በር ላይ የጠየቀኝን ልመልስ። "እኛ ጋ ሜዳ ቢሠራ በየት በኩል ይዘረጋ?" አለኝ። ይህ የጎን ነፋስ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው። አብራሪው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ማኮብኮቢያው ነፋሱን አቋርጦ ከተሠራ ዕድሜውን ሙሉ ይታገላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለዚህ መስፈርት አለው። የማኮብኮቢያው አቅጣጫ ሲመረጥ፣ ከጊዜው ቢያንስ 95 በመቶ የጎን ነፋሱ ከተወሰነ መጠን ማለፍ የለበትም። ለትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሜዳ መጠኑ 10 ኖት ነው፤ ለትልልቆቹ 20። ይህን ለማወቅ ቢያንስ የ5 ዓመት የነፋስ መዝገብ ያስፈልጋል። በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በእኩል ሰዓት ልዩነት የተነበበ። አንድ ቀን ደጋው ላይ ቆሞ ጣት አርጥቦ መወሰን አይሆንም፤ በክረምትና በበጋ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀያይራል።

መዝገቡን መጀመር ለእናንተ ከባድ አይደለም። መለኪያው ሜዳ ላይ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል፤ ከዛፍና ከሕንፃ ራቅ ብሎ። ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ከነሰዓቱ ትጽፋላችሁ። የዓመቱን ስትጨርሱ አቅጣጫዎቹን በክብ ሰንጠረዥ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ የነፋስ ጽጌረዳ ይባላል። ረጅሙ ቅጠል የሚያመለክተው ነፋሱ አብዝቶ የሚመጣበትን ነው። የፊዚክስ መምህራችሁ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ቅድም ሳናግራቸው ፈቃደኛ ናቸው። እኔም የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አብሬያችሁ እሠራለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።